አልጋ ማስያዣ አፕ ስንት ያስወጣል? ለሐይቅና ለአምባሰል ባለሆቴሎች የቀረበ ዲስኩር



መስከረም ሲጋመስ፣ ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ በኩል ወደ ውጫሌ በሚዘልቀው አስፋልት ዳር ያለ እንግዳ ተቀባይ ሁሉ ቀኑን ሙሉ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ «አልጋ አለ?» መስከረም 21 የግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም ንግሥ ነው። በአምባሰል ተራሮች መካከል፣ የመስቀል ቅርጽ ባለው አምባ ላይ ለሚከበረው ለዚህ በዓል ከሀገሪቱ ማዕዘናት፣ ከባሕር ማዶም ጭምር የሚመጣው ምእመን በመቶ ሺዎች ይገመታል። ደሴም፣ ሐይቅም፣ ውጫሌም ያላቸውን አልጋ ያከራያሉ፤ ያጣ በመኪናው፣ በድንኳን፣ በዘመድ ቤት ያድራል። በዓሉ አልፎ እንግዳው ሲበተን ደግሞ ያው ክፍል ባዶውን ማደር ይጀምራል።

በዚያ ሰሞን የሚነሳውን ጭቅጭቅ የማያውቅ ባለሆቴል የለም። እንግዳው ከአዲስ አበባ ደውሎ ተስማምቷል፤ ቀብዱን በቴሌብር ልኳል፤ ስሙም ሪሴፕሽኑ ላይ ባለው ደብተር ሰፍሯል። ማታ ተረኛዋ ስትቀየር ግን አዲሷ ተረኛ ገጹን ሳታይ ክፍሉን በር ላይ ለቆመ ሰው ትሰጠዋለች። ባለቀብዱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከነልጆቹ ሲደርስ «ይቅርታ፣ ሞልቷል» ይባላል። ገንዘቡ ቢመለስለት እንኳ በዚያ ሌሊት ሌላ አልጋ አያገኝም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ወደዚያ ሆቴል አይደውልም።

ስለዚህ አንድ ባለሆቴል «አፕ ያስፈልገኛል» ቢል እውነተኛ ችግር ይዞ ነው የሚናገረው። ችግሩ የሚጀምረው ዋጋ ሲጠይቅ ነው። አዲስ የተመረቀ ወጣት በጥቂት አሥር ሺዎች ብር፣ በሁለት ወር ውስጥ ሠርቶ እንደሚያስረክብ ይነግረዋል። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ደግሞ የዚያን አሥር እጥፍ ይጠይቀዋል። ባለሆቴሉ አንደኛው ሌባ፣ ሌላኛው ቅን ይመስለዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ የሚሸጡት ግን አንድ ዕቃ አይደለም። የመጀመሪያው የሚሸጠው ስልክ ላይ የሚታየውን ገጽ ነው። ሁለተኛው፣ በእርግጥ ሙያውን የሚያውቅ ከሆነ፣ ከገጹ ጀርባ ያለውን ሥራ ጨምሮ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። የዛሬው ንግግር ስለዚህ ከገጹ ጀርባ ስላለው ሥራ ነው።

አልጋ ማስያዝ ቀላል ይመስላል፤ ታሪኩ ግን ቀላል እንዳልሆነ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካን ኤርላይንስ ሠራተኞች መቀመጫ የሚያስይዙት በሚሽከረከር መደርደሪያ ዙሪያ ተቀምጠው ካርድ በመምዘዝ ነበር፤ የአንድ ተሳፋሪ ጉዳይ በአማካይ 90 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ኩባንያው ከአይ.ቢ.ኤም. ጋር ሆኖ ሴበር የተባለውን የኮምፒዩተር ሲስተም ገንብቶ እ.ኤ.አ. በ1964 ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲያስጀምር ወጪው 40 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰው መቀመጫ በፍጥነት እንዲያዝና አንዱ መቀመጫ ለሁለት ሰው እንዳይሸጥ ነው።

ለዚህ አዳራሽ የሚበጀው ግን የታሪኩ ቀጣይ ክፍል ነው። በአፍሪካ ትልቁ የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት የሚቆርጥበትን ሞተር ራሱ አልጻፈም። ለዓመታት ሲገለገል የኖረው በዚሁ በሴበር ኩባንያ ሲስተም ነው፤ ይከራየዋል። አውሮፕላን ገዝቶ፣ አብራሪ አሠልጥኖ፣ የጥገና ማዕከል አቋቁሞ የሚሠራ ተቋም የቡኪንግ ሲስተም ለብቻ መጻፍ አያዋጣኝም ካለ፣ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ሎጅ ለብቻዬ ላጽፍ ከማለቱ በፊት ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባል።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ከመስከረም 20 ለ21 ሌሊት የቀረው አንድ ክፍል ብቻ ነው እንበል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ከአዲስ አበባ፣ አንድ ወጣት ደግሞ ከዋሽንግተን አፑን ከፍተው እኩል «ያዝ» የሚለውን ይጫናሉ። ሲስተሙ ለአንዳቸው መፍረድ አለበት። ለእናትየው ቢፈርድ ክፍሉን እስክትከፍል ድረስ፣ ለምሳሌ ለ15 ደቂቃ፣ ከሌላው ሰው ዓይን መሰወር ይኖርበታል። እናትየዋ የቴሌብር የሚስጥር ቁጥሯን አስገብታ ገንዘቡ ከሒሳቧ ከወጣ በኋላ፣ ማረጋገጫው የሆቴሉ ሲስተም ዘንድ ሳይደርስ ኔትወርክ ቢቋረጥስ? 15 ደቂቃው አለቀ ብሎ ክፍሉን ለወጣቱ ቢሰጠው ገንዘብ የከፈለች እናት ደጅ ታድራለች። ጨርሶ አልለቅም ካለ ደግሞ በዓመቱ ትልቅ ሌሊት ክፍሉ ባዶ ያድራል። መፍትሔው ሲስተሙ ወደ ክፍያ ድርጅቱ ተመልሶ «ይህ ክፍያ ምን ደረሰ?» ብሎ በራሱ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ርካሹን አፕ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ይህ ነው። ገጹ ያምራል፤ ቁልፉ ሲጫኑት ይሠራል፤ ሁለት ሰው እኩል ሲጫን ግን ሁለቱንም «ተሳክቷል» ይላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ባለሆቴሉ የገዛው ያንኑ የደብተሩን ጭቅጭቅ ነው፤ ልዩነቱ ብዙ ብር የወጣበት መሆኑ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ሌላው ነው። አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ የፕሮግራም መሣሪያ ዓመቱን 12 ወር፣ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር አድርጎ ነው የሚያውቀው። ባለ 13 ወሩን የኛን አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ የሚመልሰው ቀመር የታወቀ ነው፤ ሰው በጣቱ ነክቶ ቀን የሚመርጥበትን ሰሌዳ ከነጳጉሜን መሥራትና መፈተን ግን ሥራ ይጠይቃል። የግሸን በዓል በ2016 ዓ.ም. የዋለው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2023 ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ግን ጥቅምት 1 ቀን 2024 ነበር፤ የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች የ2016ቱን በዓል አንድ ቀን ገፍታው ነበር። ከሲያትል ሆኖ ባለፈው ዓመት ቀን አስልቶ አልጋ የያዘ ሰው በአንድ ቀን ይሳሳታል።

ከቀኑም ሰዓቱ ይብሳል። «ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት እደርሳለሁ» ያለ እንግዳ በእኛ አነጋገር ገና በማክሰኞ ሌሊት ውስጥ ነው፤ በኮምፒዩተሩ ግን ረቡዕ ከገባ ሦስት ሰዓት አልፎታል። ክፍሉ የተያዘው ለየትኛው ሌሊት ነው? «ጠዋት 2 ሰዓት» እና ፈረንጆቹ 8 ሰዓት የሚሉት አንድ መሆኑን እያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ በሁለቱም አጻጻፍ ማስቀመጥ የግድ ነው። በስምም በኩል እንዲሁ ነው፤ የቤተሰብ ስም ካልሞላህ አላሳልፍህም የሚል ቅጽ በራሱና በአባቱ ስም ለሚጠራ ሰው አይሆንም። ፍለጋውም ሐይቅን በ«ሐ»፣ በ«ሀ»ም ሆነ በ«ኀ» የጻፈውን እኩል ማግኘት አለበት።

አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚያስተውለው ነገርም አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት፣ በሀገራችን የገዳማት ታሪክ ከፍ ያለ ስፍራ ያለው የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴቶች አይገቡበትም። አንድ አፕ «የጀልባ ጉዞና የገዳም ጉብኝት» ብሎ ለባልና ሚስት ትኬት ሸጦ፣ ሚስት በሩ ላይ ስትመለስ የሚፈጠረውን ቅሬታ ጀልባ ቀዛፊው ነው የሚሸከመው። አፑ ላይ ይህን የሚጽፍ፣ የኅዳር 26ን የአቡነ ኢየሱስ ሞአን በዓል ከወዲሁ የሚያስታውስ፣ ውጫሌ አጠገብ ያለው ይስማ ንጉሥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት ቦታ መሆኑን ለእንግዳው የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሥራ የፕሮግራመር አይደለም፤ በዋጋ ማቅረቢያው ላይም ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ሳይከፈልበት ሲቀር ደግሞ አፑ ከሌላ ሀገር የተቀዳ ባዶ ሰሌዳ ሆኖ ይቀራል።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ባለንብረት በራሱ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል። ሦስት ባለሙያዎች ለአራት ወራት ይሠራሉ፤ ለእያንዳንዳቸው በወር 30,000 ብር ይከፈላል እንበል። የመሥሪያው ወጪ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ሳይጨምር 360,000 ብር ይሆናል። በሙያው የተለመደው ግምት ለጥገናና ለማሻሻያ በየዓመቱ ከመሥሪያው ዋጋ ከ15 እስከ 20 በመቶ መያዝ ነው፤ በ20 በመቶ 72,000 ብር ነው። አፑ ዋናውን ወጪ በሦስት ዓመት ይመልስ ከተባለ በዓመት 120,000 ብር፣ ከጥገናው ጋር 192,000 ብር ይሆናል።

ይህን ከምን ይመልሰዋል? ከኮሚሽን፣ ይላሉ ብዙዎች። እንደ ቡኪንግ ዶት ኮም ያሉት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ባመጡት እንግዳ ላይ በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ። በሌሊት 1,500 ብር ከሚከራይ ክፍል ድርሻቸው 225 ብር ነው። የራስ አፕ ያንን 225 ብር ያስቀራል። ታዲያ 192,000 ብር ለመሸፈን ከ850 በላይ የክፍል ሌሊቶች ከኮሚሽን መትረፍ አለባቸው። አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ሎጅ በዓመት 4,380 የክፍል ሌሊቶች አሉት። 40 በመቶው ቢያዝለት 1,752 ይሆናል። እንግዲህ ከእንግዶቹ ግማሽ ያህሉ በኮሚሽን ሊመጡ የነበሩና አፑ ያስቀራቸው መሆን አለባቸው ማለት ነው።

በኮሚሽን የሚመጣ ይህን ያህል እንግዳ በሐይቅ የለም። እዚህ የሚያርፈው አብዛኛው እንግዳ የሀገር ሰው ነው፤ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያ፣ ከአዲስ አበባ በስልክ ደውሎ ወይም በሩን አንኳኩቶ የሚመጣ። ለዚህ እንግዳ ባለሆቴሉ ዛሬም ለማንም ኮሚሽን አይከፍልም። አፑ ከእሱ የሚያተርፈው ሳንቲም የለም፤ የሚያስቀረው ካለ ጭቅጭቁን ነው። አፕ ሻጮች ይህን ልዩነት አይነግሩም፤ ባለሆቴሉ ራሱ ማስላት አለበት።

ስምንት ባለንብረቶች አንድ ሆነው ቢያሠሩስ? የጋራ ሲስተም ከብቸኛው ይከብዳል። የስምንት ቤት ክፍል፣ የስምንት ቤት ሒሳብ መለየት አለበትና ወጪው በግማሽ ይጨምር እንበል። በዓመት 288,000 ብር ለስምንት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 36,000 ብር ይደርሰዋል። ይህን ለመመለስ 160 የክፍል ሌሊቶች ይበቃሉ፤ ከመቶ እንግዳ ዘጠኝ ገደማ። ይህ የሚቻል ነው። የጋራ ሰሌዳ ሌላም ጥቅም አለው፦ በንግሥ ሰሞን ሐይቅ ሲሞላ ውጫሌ ያለውን ባዶ ክፍል እንግዳው በዚያው ቅጽበት ያየዋል፤ ከአካባቢው ሳይወጣ ያድራል።

ስለ ዶላሩ ሳይነገር ሒሳቡ አይሞላም። ለአፕ ገንቢዎች ጉግል አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ያስከፍላል። ሰርቨር ከውጭ ከተከራዩት ኪራዩም በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ግማሽ ዓመት ሳይሞላ 120 ብር አለፈ። ከ5,700 ብር በታች የነበረው የአፕል ዓመታዊ ክፍያ፣ አንድ መስመር ኮድ ሳይጨመርበት ወደ 12,000 ብር ተጠጋ። በብር ገቢ እያገኘ በዶላር የሚከፍል ሥራ ይህን አደጋ በውሉ ላይ ማሰብ ይኖርበታል፤ በሀገር ውስጥ የሚገኝ ሰርቨርም መጠየቅ ተገቢ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ወጪ ደግሞ የፍተሻው ነው። ባለቤቱ ይቸኩላል፤ ሠሪው ክፍያውን ይፈልጋል፤ ፍተሻው ይዘለላል። በመጋቢት 6 ለ7 ሌሊት፣ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል። ባንኩ እንዳስታወቀው በሲስተሙ ላይ ሲካሄድ ከነበረ የማሻሻያና የፍተሻ ሥራ ጋር በተያያዘ ችግር ተፈጥሮ፣ ሰዎች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያለአግባብ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ባንኩ ገንዘቡን የሚያሳድድበት አቅም ስለነበረው አብዛኛውን አስመለሰ። በዓመቱ ትልቅ ሌሊት ሲስተሙ የተሳሳተበት የሐይቅ ሎጅ ግን እንዲህ ያለ አቅም የለውም። አራት ወር በሚፈጅ ሥራ ውስጥ አንድ ሙሉ ወር ለፍተሻ ይሰጥ፤ ፈታኞቹም ሠሪዎቹ ሳይሆኑ ሪሴፕሽን ላይ የሚቀመጡት ልጆች ይሁኑ። የማታዋ ተረኛ ያልገባት ሲስተም አልተሠራም ማለት ነው።

ኔትወርኩስ? ይህን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ጥያቄውን አይዘለውም። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ወራት ደሴም ሐይቅም ውጫሌም ከስልክና ከመብራት ተቆራርጠው ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ሲነሳ የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆየ። በአዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጦ የተነደፈ አፕ ኢንተርኔት ሁልጊዜ እንደ ውኃ የሚፈስ ይመስለዋል። ለሐይቅ የሚሠራው ግን መስመሩ ሲጠፋም መሥራት አለበት፦ የዛሬና የነገ የእንግዶች ዝርዝር በሪሴፕሽኑ ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጥ፣ ማታ ማታ በወረቀት የሚታተም፣ መስመር ሲመለስ በራሱ የሚታረቅ። ይህም ተጨማሪ ገንዘብ ነው፤ እዚህ ግን እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም።

መልካሙ ዜና አፕ የግድ የመጀመሪያው እርምጃ አለመሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ የወጣ አንድ ምስክር አለ። ሳምራዊት ፍቅሩና ድርጅቷ ሃይብሪድ ዲዛይንስ የጀመሩትን የታክሲ መጥሪያ፣ ራይድን፣ ዛሬ ሁሉም በአፑ ያውቀዋል፤ ሲጠነሰስ ግን የሚሠራው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር። አፑ ከመጣም በኋላ 8294 ላይ ደውሎ መኪና መጥራት አልቀረም። ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶች፣ ዳታ ያለቀባቸው ተማሪዎች፣ መንገድ ላይ የቆሙ ሽማግሌዎች በዚያ ቁጥር ተገልግለዋል። ሠሪዋ ተጠቃሚው ያለበት ድረስ ወርዳ ነው ያገኘችው።

በክፍያም በኩል መንገዱ ተጠርጓል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ተጠቃሚው ከ50 ሚሊዮን አልፏል፤ *127# ብሎ ያለ ኢንተርኔት መክፈል ይቻላል። ሲቢኢ ብርም በ*847# እንዲሁ ይሠራል። ከውጭ ሀገር በካርድ ለሚከፍለው ደግሞ በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚሠሩ እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ መተላለፊያዎች አሉ። አንድ ሆቴል በስሙ የነጋዴ ቁጥር አውጥቶ፣ ቀብድ በግለሰብ ስልክ መቀበሉን ቢያቆም ብቻ የግማሹ ጭቅጭቅ ምንጭ ይደርቃል። ዛሬ የሚታየው ልማድ እንግዳው የከፈለበትን ስክሪንሾት በቴሌግራም መላክ ነው። ተረኛዋ ምስሉን አይታ «ደርሷል» ትላለች። በኮምፒዩተር የተቀነባበረ የሐሰት ደረሰኝ በየከተማው ነጋዴ ያስለቀሰው በዚሁ በር ገብቶ ነው። ገንዘቡ በድርጅቱ ሒሳብ ላይ መታየቱን ሳያረጋግጡ ክፍል አለመስጠት ምንም ፕሮግራም አይፈልግም፤ ደንብ ብቻ ይበቃዋል።

ስለዚህ ደረጃው እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ስልክ ቁጥር፣ የነጋዴ የክፍያ ቁጥር፣ ሁሉም ቤት የሚያየው በኢንተርኔት ላይ ያለ የጋራ ሰንጠረዥና ይህን የሚይዝ አንድ ተከፋይ ሠራተኛ። የዚህ ዋናው ወጪ የሠራተኛው ደመወዝ ነው። ሠራተኛው ስንት ሰው እንደደወለ፣ ስንቱ እንደከፈለ፣ ስንቱ ከፍሎ እንደቀረ፣ ስንቱ አልጋ አጥቶ እንደተመለሰ ይመዘግባል። በሁለተኛው ዓመት ያ መዝገብ ይነበባል። አልጋ አጥተው የተመለሱት የሚበዙት በመስከረም ብቻ ከሆነ፣ ለአምስት ሌሊት ሲባል አፕ አያስፈልግም፤ ሰንጠረዡ በቂ ነው። በየወሩ የሚደውለው ከአንድ ሰው አቅም በላይ ከሆነ ያኔ ይሠራ። ያኔ ባለንብረቶቹ ለሠሪው የሚሰጡት ምኞት ሳይሆን የአንድ ዓመት ማስረጃ ይሆናል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ፕሮግራመር ባልታወቀ ጥያቄ ላይ ወራት አያጠፋምና።

ሠሪ አይጠፋም። ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ የሶፍትዌር ተማሪዎች ሲመረቁ የሚያቀርቡት የመመረቂያ ሥራ አለባቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ብዙ ወጣት ወደ ሙያው እያስገባ ነው። እነዚህ ልጆች እውነተኛ ችግር ይፈልጋሉ፤ እናንተ ደግሞ ችግሩ አላችሁ። ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ የተማሪ ሥራ ለመማሪያ ነው፤ ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ ሲስተሙን የሚጠግን ሰው አይኖርም። ስለዚህ ከተማሪዎቹ ንድፉንና የመጀመሪያውን ሙከራ መቀበል፣ ለገበያ የሚወጣውን ደግሞ በደመወዝ ተቀጥሮ ኃላፊነት በሚወስድ ሰው ማሠራት ይሻላል። የወጣት ጉልበት በነጻ ለመውሰድ መሞከር ለልጁም ለባለሆቴሉም አይበጅም።

ውል ሲፈረም የሚረሳው የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ካላቸው ሥራዎች አንዱ ነው፤ ያሠራው ሰው ምን መብት እንዳለው በጽሑፍ ካልተቀመጠ ክርክር ይከተላል። የጉግልና የአፕል አካውንቶች፣ የድረ ገጹ ስም፣ የሰርቨሩ የይለፍ ቃል፣ ዋናው የፕሮግራሙ ጽሑፍ ሁሉ በማኅበሩ ስም ይሁኑ። አካውንቱን በራሱ ስም የከፈተ ሠሪ ስልኩን ሲዘጋ አፑም አብሮት ይሄዳል፤ በክፋት ላይሆን ይችላል፣ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሄዶ ሊሆን ይችላል። የእንግዶች ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ቁጥርም ባለሆቴሉን ተጠያቂ የሚያደርግ አደራ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የፓስፖርት ፎቶ በሠራተኛ ስልክ ላይ ተከምሮ መቅረቱ የሕግ ጉዳይ ሆኗል።

የአዳራሹ የመጨረሻ ጥያቄ «ታዲያ ስንት ብር እንያዝ?» እንደሚሆን ይጠበቃል። አንድ ሎጅ ለብቻው ከሆነ መልሱ ለአፕ ምንም አትያዙ ነው፤ ያንን ገንዘብ ለሪሴፕሽን ሠራተኛችሁ ደመወዝ፣ ለነጋዴ ቁጥርና ለጥሩ ፎቶግራፍ አውሉት። ለስምንትና ከዚያ በላይ ቤቶች ከሆነ ግን የመሥሪያውን ዋጋ ከማሰባሰባችሁ በፊት የሦስት ዓመት ጥገናውን በጋራ ሒሳብ አስቀምጡ። ጥገናውን መክፈል የማይችል ማኅበር ሥራውን አይጀምር።

ለሚቀጥለው መስከረም 21 የሚሆን የጋራ ሰንጠረዥ ሰኔ ላይ ተጀምሮ ነሐሴ ላይ መፈተን አለበት። ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ የሐይቅና የውጫሌ ባለንብረቶች ከአዳራሹ ሳትወጡ አምስት ሰው መርጣችሁ፣ የክፍላችሁን ቁጥርና የስልክ አድራሻችሁን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ።